ከቡና ማሳ እስከ ሉተር ድርሳን፦ የአንባቢያን የጥናት ጥያቄዎች

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም ከጅማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ የግብርና፣ የጤና፣ የኢኮኖሚክስና የሥነ መለኮት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹን ያስቸገራቸው ቀመሩ አይደለም፤ «አንድ ብዬ የምቆጥረው ምኑን ነው?» የሚለው ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፤ ስምም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ በ74110 የቡና ዝርያ ላይ አራት ዓይነት የኮምፖስት መጠን ልሞክር ነው። አማካሪዬ «64 እግር ቡና ትለካለህ፤ ድግግሞሽህ ግን 4 ብቻ ነው» አሉኝ። 64 ለክቼ እንዴት 4 ይሆናል? በአንድ የምርት ዘመንስ ውጤት አገኛለሁ?
(የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ድግግሞሽ የሚባለው ኮምፖስቱ በዕጣ የደረሰው ነገር ብዛት ነው እንጂ የለኩት ነገር ብዛት አይደለም። ዕጣው የወጣው ለመደብ ከሆነ፣ በመደቡ ውስጥ 4 እግር ለኩ 40፣ የሚያገኙት አንድ ቁጥር ነው።

ማሳውን እንዲህ ይክፈሉት። 4 የኮምፖስት መጠን (አንዱ ምንም የማይሰጠው) በ4 ብሎክ (ተመሳሳይ መሬት ላይ ጎን ለጎን ያሉ 4 መደቦች) ሲደገም 16 መደብ ይወጣዋል። በእያንዳንዱ መደብ 4 በ4 አድርገው 16 እግር ይያዙ። ርቀቱ 2 ሜትር በ2 ሜትር ከሆነ አንዱ መደብ 64 ካሬ ሜትር፣ ጠቅላላው መንገዱን ሳይጨምር 1,024 ካሬ ሜትር፣ የቡናው ብዛትም 256 እግር ይሆናል። የሚለኩት ከየመደቡ መሀል ያሉትን 4 ብቻ ነው፤ 64 የመጣው ከዚህ ነው። ዳር ያሉት 12 ሥራቸው መከላከል ነው፤ የዛፎቹ ሥር ወደ ጎረቤት መደብ ተሻግሮ የሌላውን ኮምፖስት ስለሚመገብ ቢለኩ ውጤቱን ያደበዝዙታል። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ (በጅማ ዙሪያ ያልሆነ ማሳ ማግኘት ከባድ ነው) ብሎኮቹን አግድም ያስኪዱ። ከላይ ያለው ብሎክ ሁሉም ከላይ፣ ከታች ያለውም ሁሉም ከታች ይሁን። ብሎኩን ቁልቁል ካስኬዱት የአፈሩ ልዩነት ከኮምፖስቱ ልዩነት ጋር ይቀላቀልና ማንም አይለየውም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ። የየመደቡን 4 ልኬት አማካይ አውጥተው ሶፍትዌሩ ውስጥ 16 ቁጥር ብቻ ያስገባሉ። የስህተቱ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደም (ስህተቱን ለመገመት የሚቀረው ነጻ ቁጥር ብዛት) 3 ሲባዛ በ3፣ ማለትም 9 ነው፤ በ5 በመቶ ደረጃ ማለፊያው ኤፍ 3.86 ይሆናል። 64ቱን ለየብቻ ካስገቡ ግን ሶፍትዌሩ 57 ብሎ ይቆጥርልዎታል፣ ማለፊያውም ወደ 2.77 ገደማ ይወርዳል። በአንድ መደብ ያሉ ቡናዎች አፈራቸውም ጥላቸውም አንድ በመሆኑ ስለሚመሳሰሉ የስህተቱ ልኬት ራሱ ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ያልሠራ ኮምፖስት «ሠራ» የሚባለው እንዲህ ነው። ዲፌንስ ላይ ፈታኝ መጀመሪያ የሚያየውም ይህን ሰንጠረዥ ነው።

የአንድ ዘመን ምርትን በተመለከተ፣ ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ አፍርቶ በሚቀጥለው ዓመት የሚያርፍ ተክል ነው። በአንድ ለቀማ ብቻ የኮምፖስቱን ልዩነት ከእረፍቱ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ዋናውን መለኪያ የአፈር ለውጥ፣ የቅጠል ንጥረ ነገርና የቅርንጫፍ እድገት ያድርጉት፤ ምርቱን በተጓዳኝ ይመዝግቡት። ቡናው ሁሉ እኩል ዕድሜ ያለው መሆኑን ገበሬውን ጠይቀው ያረጋግጡ። ዋንዛ፣ ሰሳ ወይም ብሳና የቆመበት መደብ ካለም በካርታው ላይ ምልክት ያድርጉበት።

አፈሩን ኮምፖስት ከመጨመርዎ በፊት ይውሰዱ። ከየመደቡ ከ8 እስከ 10 ነጥብ፣ ከ0 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አውጥተው ይቀላቅሉት፤ አራት ቦታ እየከፈሉ ግማሽ ግማሹን በመጣል ወደ 1 ኪሎ ያውርዱት። ጥላ ላይ አድርቀው በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይንፉት። ፒኤች የሚለካው 1 እጅ አፈር በ2.5 እጅ ውሃ ተበጥብጦ ነው። ዚንክ ሊለኩ ካሰቡ በቆርቆሮ ባልዲ እንዳይቀላቅሉ፤ የባልዲው ልባጥ ራሱ ዚንክ ነው። እርጥብ አፈር በፌስታል ታሽጎ ቀናት ከቆየ ደግሞ የናይትሮጅኑ ልኬት ይበላሻል።

ጥያቄ፦ በጎማ ወረዳ የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆኑ ቡና አምራቾች ከማኅበሩ ውጪ ካሉት የተሻለ ገቢ ያገኙ እንደሆነ ላጠና ነው። ከ4 ቀበሌ 200 አባወራ ጠይቄ አማካያቸውን ላወዳድር አስቤያለሁ። ይበቃል?
(የኢኮኖሚክስ ተማሪ፣ አጋሮ)

መልስ፦ አይበቃም። ከአማካዩ በፊት ሚዛኑ አለ። አንዱ ገበሬ ቀይ እሸት በኪሎ ይሸጣል፤ ሌላው ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) በፈረሱላ፤ ሌላው ከሁለቱም። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ወደ ንጹህ ቡና ሲመለስ 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ገደማ፣ 2 ኪሎ ጀንፈልም 1 ኪሎ ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ 300 ኪሎ እሸትና 5 ፈረሱላ ጀንፈል የሸጠ ሰው 50 ሲደመር 42.5፣ ማለትም 92.5 ኪሎ ንጹህ ቡና ሸጧል። ሳይመልሱ ከደመሩት 385 ኪሎ ይሆንብዎታል። አባላቱ በብዛት እሸት ለማጠቢያ ጣቢያ የሚያስረክቡ፣ ሌሎቹ ጀንፈል የሚሸጡ ከሆነ ደግሞ ስህተቱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያደላል። በጣሳና በማዳበሪያ ከረጢት የሚነግርዎ ካለ ሚዛን ይዘው ይሂዱና የራሱን ጣሳ ይመዝኑለት። «ዘንድሮ ስንት አገኙ?» ብለውም አይጠይቁ፤ እያንዳንዱን ሽያጭ ለብቻው፣ መቼ፣ ለማን፣ ምን ያህል፣ በስንት እያሉ ይጻፉ። ለመጠይቁ ጥሩው ጊዜ ለቀማው እንዳበቃ ጥርና የካቲት ላይ ነው፤ ሰኔ ከገባ ሰው ዋጋውን ይረሳዋል።

ትልቁ ችግር ግን አባል የሆነው ሰው መጀመሪያውኑ የተለየ ሊሆን መቻሉ ነው። መሬቱ ሰፋ ያለ፣ ቤቱ ለማጠቢያ ጣቢያው የቀረበ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ሰው ቀድሞ ይመዘገባል። እነዚህን ካላመጣጠኑ ለማኅበሩ የሚሰጡት ምስጋና የመሬቱ ስፋት ይሆናል። የተለመደው ፕሮፔንሲቲ ስኮር ማቺንግ (አባሉን ከሚመሳሰለው አባል ያልሆነ ሰው ጋር የሚያጣምረው ዘዴ) ይሠራል፤ ግን ማመጣጠኛው ሰውየው አባል ከመሆኑ በፊት የነበረው ሁኔታ ብቻ ይሁን። ያኔ ስንት ጥማድ ነበረው? ስንት ከብት? ማኅበሩ ራሱ ያመጣውን ብድር ወይም ሥልጠና ማመጣጠኛ ውስጥ ካስገቡ የሚፈልጉትን ውጤት በገዛ እጅዎ ያጠፉታል። ካመሳሰሉ በኋላ በሁለቱ ወገን መካከል የቀረው የአማካይ ልዩነት፣ ለስታንዳርድ ዴቪዬሽን ሲካፈል፣ ከ0.1 በታች መሆኑን በሰንጠረዥ ያሳዩ። ትጋትን ግን ማንም ቀመር አያመሳስለውም፤ ይህን በጽሑፍዎ በግልጽ ያስቀምጡት።

አራቱ ቀበሌዎች ላይ ደግሞ እንደ ቡናው መደብ ያስቡ። የአንድ ቀበሌ ሰዎች መንገዳቸው አንድ፣ ነጋዴያቸው አንድ፣ ዝናባቸው አንድ ነው። 4 ቀበሌ በ50 ሰው ከመያዝ 20 ቀበሌ በ10 ሰው መያዝ ይሻላል። የሰዉ ቁጥር ያው 200 ነው፤ የመኪናና የአበል ወጪው ቢጨምርም ውጤቱ ይታመናል።

አንድ ማሳሰቢያ። የ2016 እና የ2017 ዓ.ም. ለቀማን የሚያወዳድሩ ከሆነ፣ በመካከሉ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቋል። በብር የጨመረውን ዋጋ ለማኅበሩ ሥራ እንዳይሰጡት፤ በስታቲስቲክስ አገልግሎት የዋጋ መለኪያ አካፍለው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ በጤና ጥናት ሁሉም ሰው የናሙናውን ብዛት 423 ብሎ ይጽፋል። ከየት ነው የመጣው? እኔም ልጻፈው?
(የጤና ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ 1.96 (የ95 በመቶ መተማመኛ ቁጥር) በራሱ ሲባዛ 3.8416 ነው። በ0.5 (የሚገመተው ምጣኔ) እና በ0.5 (ከ1 የሚቀረው) አባዝተው ለ0.0025 (የ5 በመቶ ስህተት ካሬ) ሲያካፍሉት 384.16 ይመጣል። በእርሱ ላይ 10 በመቶ ሲጨመር 423 ይሆናል። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ናሙና ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይጠጋጋም፤ ስለዚህ የሚያስፈልገው 385 ነው። ከ423 ሰዎች 10 በመቶው እምቢ ቢሉ የሚቀሩት ደግሞ 380 ገደማ ስለሆኑ ከሚያስፈልገው ያንሳሉ። ትክክለኛው አሠራር 385ን ለ0.9 ማካፈል ነው፤ 428 ይሆናል።

ቁጥሩ የሚሠራው አንድን ምጣኔ በቀላል ዕጣ ለመገመት ብቻ ነው። ቀበሌ መርጠው ከቀበሌው ውስጥ ቤት የሚመርጡ ከሆነ እንደ ሁኔታው በ1.5 ወይም በ2 ይባዛል። ሁለት ቡድን ለማወዳደር ከሆነ ቀመሩ ራሱ ሌላ ነው። 0.5 የሚባለውም ቀደም ያለ ጥናት ሲጠፋ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። የሥነ ምግባር ፈቃዱን ደግሞ መጠይቁን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ይጨርሱ። መረጃ ከተሰበሰበ በኋላ የሚለመን ፈቃድ የለም።

ጥያቄ፦ የሥነ መለኮት ተማሪ ነኝ፣ የምኖረው ጅማ ነው። «ሉተር ስለ ንግድና አራጣ» የሚል ርዕስ ብይዝ ጓደኞቼ «ይሄ ስብከት እንጂ ጥናት አይደለም፤ ዳታህ የታለ?» ይሉኛል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

መልስ፦ ዳታዎ ጽሑፉ ነው፤ እንደ ማንኛውም ዳታ ቀንና ቦታ አለው። ጀርመናዊው የተሐድሶ መሪ ማርቲን ሉተር ስለ አራጣ እ.ኤ.አ. በ1519 አጭር ስብከት፣ በ1520 ረዘም ያለ ስብከት አሳትሟል። በ1524 ስለ ንግድ ሲጽፍ የ1520ውን ስብከት ከኋላ አያይዞ አወጣው። በ1540 ደግሞ ፓስተሮች አራጣን እንዲቃወሙ የሚገፋ ጽሑፍ ጻፈ። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሰናከላል፤ የ1524ቱን መጽሐፍ ሁለተኛ ክፍል ጠቅሶ «በ1524 ሉተር እንዲህ አሰበ» ይላል፤ ጽሑፉ ግን የአራት ዓመት ዕድሜ ነበረው። በመካከሉ ከሮም ተወግዟል፣ የገበሬዎች አመፅም ሊፈነዳ ጥቂት ቀርቶታል። ተመራማሪ የሚጠብቀው ይህን ነው።

መጀመሪያ ባለ አምስት ዓምድ ሰንጠረዥ ያዘጋጁ፦ ዓመቱ፣ ለማን እንደተጻፈ፣ ምን እንዳነሳሳው፣ ምን እንዳለ፣ በምን እንዳስደገፈው (በመጽሐፍ ቅዱስ፣ በተፈጥሮ ሕግ፣ ወይስ በመንግሥት ሥልጣን)። ከ1524ቱ ብትወስዱ፣ ነጋዴው «የምችለውን ያህል አስወድጄ እሸጣለሁ» የሚለውን ደንብ ይነቅፍና «ተገቢ የሆነውን ያህል» ይለዋል። ወጪን፣ ድካምንና የሚደርስ አደጋን ዋጋው ውስጥ ያስገባል፤ ዋስ መሆንንና ገበያን ጠቅልሎ መያዝን ያወግዛል። ከኋላ በተያያዘው ክፍል ግን ከመሬት ገቢ ጋር በተገናኘ ውል ከ4 እስከ 6 በመቶ የሚደርስን ክፍያ በቅድመ ሁኔታ ይታገሳል። «ሉተር ወለድን ሁሉ ከለከለ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ይህን ገጽ አላነበበም።

አጠቃቀሱን በተመለከተ፣ መሠረቱ እ.ኤ.አ. ከ1883 እስከ 2009 የታተመው ከ120 በላይ ጥራዝ ያለው የቫይማር እትም ነው። የ1524ቱ ጽሑፍ በጥራዝ 15 ከገጽ 293 ይጀምራል። ጀርመንኛና ላቲን ካላወቁ በእንግሊዝኛው የአሜሪካ እትም ጥራዝ 45 ላይ ያገኙታል፤ የክርክርዎ ምሰሶ የሆነውን አረፍተ ነገር ግን ቋንቋውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ቁጭ ብለው ከዋናው ያመሳክሩ። «የገበታ ንግግር» የሚባለው ሌሎች ሲናገር የጻፉት ማስታወሻ ነው፤ ሉተር በእጁ ከጻፈው እኩል አይመዘንም። በየፖስተሩ የሚለጠፈውን «ዓለም ነገ ብትጠፋም ዛሬ የአፕል ዛፍ እተክላለሁ» የሚለውን ደግሞ ጨርሶ ይተዉት። በሉተር ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ በጽሑፍ የተገኘው መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። የቡና አገር ሰው «ቡና እተክላለሁ» ብሎ ሲጠቅሰው የበለጠ ያምራል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነገር ደረጃ ነው። በሉተራን ሥነ መለኮት የሉተር የግል ጽሑፍ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኒቱን አያስርም። የሚያስረው የእምነት መግለጫው ነው፦ የ1529 ትንሹና ትልቁ ካቴኪዝም፣ የ1530 የአውግስበርግ መግለጫ፣ በአንድ ተጠርዞ የወጣው የ1580 የኮንኮርድ መጽሐፍ። ለርዕስዎ የአውግስበርግ አንቀጽ 16 (ክርስቲያን ውል መግባትና ንብረት መያዝ ይችላል የሚለው) እና ትልቁ ካቴኪዝም «አትስረቅ» በሚለው ሥር ስለ ገበያ ማጭበርበር የጻፈው ግድ ናቸው። በሉተራን አቆጣጠር ይህ 7ኛው ትእዛዝ ነው፤ በብዙ ሌሎች ወንጌላውያን ዘንድ 8ኛው ስለሆነ ቁጥር ብቻ ጽፈው አይለፉ። «ሉተር አለ» እና «ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ታምናለች» የሚሉት ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ በተለያየ ምዕራፍ ያስቀምጧቸው።

ከኢትዮጵያ ጋር ማገናኘት ከፈለጉ ቀኑን ይጠብቁ። ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ1534 ሉተር ወደሚኖርባት የጀርመን ከተማ ዊተንበርግ ሄዶ ከእርሱ ጋር ተወያይቷል፤ ሉተርም በመግባባታቸው መደሰቱን ጽፏል። ከዚህ ተነስቶ «ተሐድሶው ከኢትዮጵያ ተቀዳ» የሚል ሰው ግን ተሐድሶውን ያስጀመሩት የሉተር 95 አንቀጾች የወጡት በ1517፣ ከውይይቱ 17 ዓመት ቀድመው መሆኑን ዘሏል። ሉተር ከሚካኤል በፊት ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሚያውቀው ምን ነበር የሚለው ሌላ፣ በራሱ በቂ የሆነ ርዕስ ነው። ለኛው ዘመን ደግሞ በ1959 የተመሠረተችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት በ1972 ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ስለ ወንጌልና ልማት ግንኙነት የሚናገረው ደብዳቤ ጥሩ መነሻ ነው (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። የጅማ ነጋዴዎችን ቃለ መጠይቅ የሚያደርጉት ከዚያ በኋላ ነው፤ ፈቃደኝነታቸውንም እንደ ጤናው ተማሪ በጽሑፍ ይቀበላሉ።

ጥያቄ፦ «ፕሮቴስታንት አገሮች የበለጸጉት በሃይማኖታቸው ነው፤ ዌበር አረጋግጦታል» የሚል መምህር አለን። በጅማ ዞን ቤተሰቦችን በሃይማኖት ከፍዬ ሀብታቸውን ባወዳድር መፈተን እችላለሁ?

መልስ፦ ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማክስ ዌበር እ.ኤ.አ. በ1904 እና 1905 የጻፈው ክርክር እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ዋና ትኩረቱም ካልቪናውያን (የጆን ካልቪንን ትምህርት የሚከተሉ ፕሮቴስታንቶች) ነበሩ፤ ሉተር ስለ ሥራ ጥሪ ያለውን አስተሳሰብ ወግ አጥባቂ ብሎታል። ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን በ2009 የ452 የፕሩሲያ አውራጃዎችን መረጃ ወስደው ፈተኑት። ሀብታም አውራጃ ፕሮቴስታንት ሆኖ ሊሆን ስለሚችል፣ ተሐድሶው ከዊተንበርግ እንደ ክብ እየሰፋ መሄዱን ተጠቅመው የየአውራጃውን ከዊተንበርግ ርቀት መለያ አደረጉት። ፕሮቴስታንት አውራጃዎች የተሻለ ሀብት ነበራቸው፤ ነገር ግን ማንበብ የሚችለው ሕዝብ ብዛት ሲታሰብ ልዩነቱ በአብዛኛው በዚያ ይገለጻል። ሉተርም በ1524 የከተማ ሹሞችን ትምህርት ቤት ክፈቱ ብሎ ወትውቷል። ዳቪዴ ካንቶኒ በ2015 ደግሞ ከ1300 እስከ 1900 ባለው ጊዜ 272 የጀርመን ከተሞችን አይቶ በከተሞቹ እድገት ላይ የሃይማኖቱን ተጽዕኖ አላገኘም። አንዱ አውራጃ ቆጠረ፣ ሌላው ከተማ፤ አንዱ ገቢን መሰል ነገር ለካ፣ ሌላው የሕዝብ ብዛትን። ስለዚህ እርስ በርስ ይጣላሉ ብለው አይቸኩሉ።

በጅማ ያሰቡትን ግን አንመክርም። አብዛኛው የዞኑ ነዋሪ ሙስሊም ነው፤ ከሌላው እምነት ተከታይ ብዙው ለሥራና ለትምህርት ወደ ከተማ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሃይማኖት ያወዳደሩ መስሎዎት ከተማን ከገጠር ያወዳድራሉ። ከዚያም በላይ ሰው ቤት ገብቶ እምነቱንና ገቢውን በአንድ ወረቀት መጠየቅ ሥነ ምግባር ቦርድ ፊት ብቻ ሳይሆን ቀበሌ ውስጥም ያስቸግርዎታል። ጥያቄዎን ወደ ማንበብ ይመልሱት፦ ከቤቱ እስከ ቀድሞው የመጀመሪያ ትምህርት ቤት ያለው ርቀት፣ የወላጆች ማንበብ መቻል፣ የልጆች ገቢ። ትምህርት ቤቱ ከመከፈቱ በፊት መንገድ ወይም ገበያ እዚያው የነበረ መሆኑን ግን አስቀድመው ያጣሩ። ትምህርት ቤት ሀብት ባለበት ይከፈታል፤ ሀብት የሚያመጣም ይመስላል።

ጥያቄ፦ ጽሑፌን በ3 ቀን ውስጥ እንደሚያሳትም በኢሜይል የጻፈልኝ ጆርናል አለ፤ ክፍያ ይጠይቃል። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ሁለት ገምጋሚ በ3 ቀን አያነብም። ጆርናሉ ዶአጅ (DOAJ፣ በነጻ የሚነበቡ ጆርናሎች የኢንተርኔት መዝገብ) ላይ መኖሩን፣ አርታኢዎቹ ራሳቸው በገጻቸው ላይ ስሙን መጥቀሳቸውን ይዩ። የጤና ሰው ከሆኑ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ጆርናል ቅርብዎ አለ።

ጥያቄ፦ ስለ ቡና ዝርያዎች በሚናገር ሰነድ «በ1974 የተመረጡ» የሚል አየሁ። በእኛ ነው በፈረንጅ? በአጠቃላይስ የእኛን ዓመት ወደ ፈረንጅ ስመልስ 7 ልደምር 8?

መልስ፦ በፈረንጅ ነው። የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ የታየው በ1971 ሲሆን፣ በሽታውን የሚቋቋሙ እናት ዛፎች ተመርጠው በ74110፣ በ74112፣ በ74165 የተሰየሙት በ1974 ነው፤ 74 ዓመቱ ነው፣ ተከታዩ ቁጥር የዛፉ ተራ። በእኛ 1966 ወይም 1967 ይሆናል። እንደ እኛ ካነበቡት ሁሉንም 7 ወይም 8 ዓመት ወደፊት ያሻግሩታል።

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምራሉ፤ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 በሚውልበት ዓመት መቁረጫው አንድ ቀን ይቀድማል። የቡና ለቀማ ይህን መስመር ያቋርጣል። የ2016 ዓ.ም. ለቀማ በፈረንጅ በ2023 ይጀምርና በ2024 ያልቃል፤ በሰነድዎ ላይ «2023/24» ብለው ይጻፉት። በወር የሚወጣ የዋጋ መለኪያ ከገበሬው ወር ጋር ሲያገጥሙ አብዛኛው ቀኑ የወደቀበትን ይከተሉ፦ ጥቅምት ለኦክቶበር፣ ኅዳር ለኖቬምበር፣ ነሐሴ ለኦገስት። ጳጉሜ ላይ የተሸጠውን ግን ከነሐሴ ጋር አይክተቱ፤ ከሚቀጥለው መስከረም ጋር ሴፕቴምበር ውስጥ ይገባል።